ብሎኑ ገባ ማለት ቸርኬው ገጠመ ማለት አይደለም

ነገሩ የሆነው በጸሎተ ሐሙስ ማታ ነው። ከጅቡቲ ጭነን ጋላፊን ካለፍን ጀምሮ እኔና ረዳቴ የምናወራው ስለ ዶሮ ወጥ ብቻ ነበር። ጾሙ 55 ቀን፣ መንገዱ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ። ሁለቱም ቅዳሜ ማታ እንዲያልቁልን ቀን ቆጥረናል። ከዚህ በታች ለምነግራችሁ ጥፋት ሁሉ ሰበቡ ይኸው ችኮላ ነው።

ሚሌን አልፈን ብዙም ሳንሄድ መሪው ወደ ግራ ይስበኝ ጀመር። ወርጄ ሳይ የግራው የፊት ጎማ ግማሽ ነፍሱ ወጥቷል። ከመኪናው አየር ስበን ነፋነው። ወዲያው ተነፈሰ። ምስማር ፈለግን፣ የለም። ቫልቮላውን በምራቅ ነካ አደረግኩት፣ ደህና ነው። ቢቸግረኝ የተረፈችንን የሃይላንድ ውሃ ቸርኬው (ጎማው የሚጫንበት ብረት) ላይ አፈሰስኩ። ያኔ ታየኝ። የቸርኬው ሆድ (ብሎን የሚገባበት መሃሉ) ከዙሪያው ጋር በተበየደበት መስመር አጠገብ ኩፍ ኩፍ የሚል አረፋ። ስንጥቁ ፀጉር ያክላል፣ ርዝመቱ ግን ከመዳፌ ይበልጣል።

ስኮርታ (መጠባበቂያ ጎማ) የለንም። ሰርዶ ላይ ለተሳቢው አውጥተነዋል።

እንግዲህ አእምሮዬ ወዲያው የሄደው ወደ ተሳቢው ነው። የመጨረሻው አክስል ላይ፣ ከጥንዶቹ የውጭኛው ጎማ ጥርሱ ደህና ነበር። ልኩ 315/80 በ22.5፣ ከፊቱ ጎማ ጋር አንድ ነው። ብሎኑም 10፣ ቀዳዳውም 10። ክሪኩን ደገፍን፣ ፈታን፣ አመጣን፣ ገለበጥነው፣ ጫንነው። ምንም ሳይንገራገር ቂቅ ብሎ ገባ። ረዳቴ ቧንቧውን መፍቻው ላይ ሰክቶ እየዘለለ አጠበቀው። እኔም በራሴ ኮራሁ። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም።

መሪው መንቀጥቀጥ የጀመረው 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ ስንደርስ ነው። በዚያ መስመር የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ አስፋልቱ ራሱ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ መንገዱን ረገምኩና ቀጠልኩ። ቆይቶ ድምፅ መጣ። ቃ… ቃ… ቃ። ፍጥነት ስቀንስ ይቀንሳል፣ ስጨምር ይጨምራል። ገዋኔ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ዳር ያዝኩ።

ዳዶውን (ብሎኑ ላይ የሚጠብቀውን ማሰሪያ) በጣቴ ልነካው ስል አቃጠለኝ። በጨርቅ ይዤ ሳዞረው ያለ መፍቻ ዞረ። ከ10ሩ ብሎን 3ቱ ከሥራቸው ተቆርጠው ወድቀዋል። የቀሩት 7ቱ በእጅ የሚፈቱ ናቸው። ሌላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብንሄድ ጎማው እኛን ቀድሞ ገዋኔ ይገባ ነበር። ከባድ መኪና የፊት ጎማ ወልቆበት ምን እንደሚሆን ለሹፌር አይነገርም።

ጠዋት ከገዋኔ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ መጡ። በሞተር ሳይክል፣ ከኋላ ልጃቸው የመሣሪያ ጆንያ ታቅፎ። መኪናውን ከማየታቸው በፊት የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው።

«ይሄን ቸርኬ ከየት አመጣኸው?»

«ከተሳቢው ነው አባባ።»

«ዳዶውስ?»

«ዳዶው የራሱ ነው። የፊቱ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎማውን አወለቁና ቸርኬውን መሬት ላይ አስተኙት። ከዚያ እጄን ይዘው ሌባ ጣቴን የብሎን ቀዳዳው ውስጥ ከተቱት። «ዳር ዳሩን ዳብሰው» አሉኝ። ዳበስኩት። የቀዳዳው አፍ ቀጥ ብሎ አልተቆረጠም። እንደ ስኒ አፍ ወደ ውስጥ ያዘቀዝቃል። ቀጥለው የተሰነጠቀውን የፊቱን ቸርኬ ዳበስኩ። እሱ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ ጣት ይቆርጣል።

«አየህ» አሉኝ፣ «ያኛው ለኳስ ዳዶ ነው፣ ይሄኛው ለጠፍጣፋ። ቀዳዳቸውን ቆጠርክ እንጂ አላየሃቸውም።»

ስንት ዓመት ስነዳ ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ስለዚህ በደንብ ላስረዳ።

ከባድ መኪና ላይ ቸርኬ መሃሉን የሚያገኝበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። በአዳዲሶቹ ላይ የቸርኬው ትልቁ የመሃል ቀዳዳ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት የአክስሉ ጫፍ) ላይ ባለ አንገት ላይ ቁጭ ይላል። ባለ 10 ብሎን የአውሮፓና የቻይና መኪኖች ላይ ይህ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ 281 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብሎኖቹም 335 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ይደረደራሉ። ቸርኬውን መሃል ላይ የሚይዘው ሞዞው ነው። የዳዶው ሥራ መጫን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ዳዶው ከሥሩ የሚሽከረከር ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው።

በድሮዎቹ፣ በተለይ በብዙ አሮጌ ተሳቢዎች ላይ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ቸርኬውን መሃል የሚያስይዙት ዳዶዎቹ ራሳቸው ናቸው። የዳዶው ሥር ድቡልቡል ነው፤ የቀዳዳው አፍ ደግሞ እሱን የሚቀበል ጎድጓዳ። ሁለቱ ሲገናኙ ቸርኬው በራሱ ቦታውን ይይዛል።

ችግሩ ይኸው ነው። የሁለቱም የብሎን ቁጥርና ርቀት አንድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይገባል። እኔ ያደረግኩት ጠፍጣፋውን ዳዶ በጎድጓዳው ቀዳዳ ላይ መጫን ነው። ሽማግሌው ጠመኔ አውጥተው ዳዶው ያረፈበትን ቦታ ከበቡልኝ። ሮንዴላው ቸርኬውን የነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው። እሷም ተፍቃ እንደ መስታወት ታበራለች። ሙሉ ፊቱ ያላረፈ ዳዶ ምን ቢጠብቅ ብረቱን እየበላ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ ደግሞ ይላላል።

ብዙ ሰው ጭነቱን የሚሸከሙት ብሎኖቹ ይመስሉታል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን ብሎኑ መደርደሪያ አይደለም። እንደ ጠንካራ ላስቲክ ነው፤ ሲጠብቅ ይሳሳባል፣ ተስቦም ቸርኬውን ከሞዞው ጋር ያጣብቃል። ጎማውን የሚይዘው የሁለቱ ብረቶች መጣበቅ ነው። መጣበቁ ሲላላ ቸርኬው በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል። ያኔ ብሎኑ እንደ ሽቦ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል። ሽቦን ደጋግሞ ማጠፍ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም ልጅ ሆነን አይተናል።

ሌላው ያላስተዋልኩት ነገር ቀለም ነው። ተሳቢው በቅርቡ ተቀብቶ ነበር፤ ቸርኬውም አብሮ፣ ያውም ሁለት ሦስት እጅ። ጥንድ ሆኖ ሲሠራ የውጭኛው ቸርኬ ሆዱ ወደ ውስጥ ነው። ወደ ፊት ስናመጣው ይገለበጣል፤ ሆዱ ወደ ውጭ ይሆናል። ስለዚህ እስከ ትናንት ዳዶ ሲያርፍበት የነበረው፣ ቀለሙ የወፈረው ፊት ዛሬ ከሞዞው ጋር ይጣበቃል። ቀለም ደግሞ በሙቀትና በጫና ይሳሳል። በአፋር ፀሐይ ፍሬን እየያዝክ ስትወርድ ሞዞው ምን ያህል እንደሚግል አስቡት። ቀለሙ የሳሳውን ያህል ዳዶው ይላላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቸርኬ ስቀያይር የሚጣበቁትን ፊቶች በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ ብረቱ ሳይታየኝ አልጭንም። ዝገትም፣ የደረቀ ጭቃም እንደዚያው ነው። ግሪስ ግን ፊቱ ላይ እንዳትቀቡ።

ሽማግሌው ብሎኖቹን ሁሉንም አስቀየሩኝ። እኔ «የተቆረጡት 3 ናቸው፣ 3 ይበቃል» ብዬ ነበር። «እነዚህ 7ቱ የ3ቱን ሥራ ሲሠሩ ነው ያደሩት» አሉኝ። ትክክል ናቸው። አንድ ብሎን ሲቆረጥ ግራና ቀኝ ያሉትን አብሮ መቀየር፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሁሉንም መቀየር ነው ደንቡ። የተሳሳበ ብሎን ሲያዩት ደህና ይመስላል።

ስለ ማጥበቅ ላውራ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ሁላችንም ጀግኖች ነን። የረዳት ጀግንነት የሚለካው ቧንቧው ላይ በመዝለል ነው። ለእነዚህ ባለ 22 ሚሊ ሜትር ብሎኖች የሚፈለገው ጥብቀት በአብዛኛው ወደ 600 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ የየራሳችሁን ከመኪናው መጽሐፍ እዩ። ይህ ምን ማለት ነው? 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1 ሜትር ርዝመት ባለው ቧንቧ ጫፍ ላይ ዝም ብሎ ሲቆም ማለት ነው። ሳይዘል። የእኔ ረዳት 70 ኪሎ ነው፣ ቧንቧችን ሜትር ተኩል ነው፣ ደግሞም ይዘላል። ሒሳቡን ሥሩት። ከመጠን በላይ የጠበቀ ብሎን ከላላው አይሻልም፤ ተስቦ ተስቦ መመለሻ ያጣል። ከቻላችሁ ልኩን የሚናገረውን መፍቻ ግዙ። ካልቻላችሁ ቧንቧችሁን 1 ሜትር ላይ ቁረጡት።

አጠባበቁ በመስቀል ነው፣ አንዱን ከዚህ፣ ተቃራኒውን ከዚያ። በክብ ተራ በተራ የሄደ ሰው ቸርኬውን አጣሞ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሄዶ መቆምና እንደገና መሞከር። እኔ ያን ሌሊት ይህቺን አንዷን ብቻ ባደርግ ኖሮ ችግሩን በጊዜ እይዘው ነበር። አሁን ከዳዶ ሥር እንደ እንባ የወረደ የዝገት መስመር ካየሁ ሳልፈትሽ አልነዳም። ያ እንባ ዳዶው እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው።

ስለዚያ ሌሊት አንድ ሳልናዘዘው የማላልፈው ነገር አለ። ተሳቢው ላይ የቀረው ነጠላ ጎማ የሁለት ጎማ ሸክም ተሸክሞ ነው የመጣው። ጎማችን ላይ 156/150 የሚል ቁጥር አለ። የመጀመሪያው ጎማው ነጠላ ሆኖ 4000 ኪሎ ይችላል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ጥንድ ሆኖ እያንዳንዱ 3350። ሁለቱ አንድ ላይ 6700 ይችላሉ። አንዱን ስትወስድበት የቀረው 4000 ላይ ያበቃል። ጭነታችን ሙሉ ነበር። አለመፈንዳቱ የእግዜር ሥራ ነው።

ቁጥሩ ሌላም ነገር ይናገራል። የፊት ጎማ ከኋላ ካሉት ከእያንዳንዳቸው የበለጠ ይሸከማል። መሪውም እሱ ላይ ነው። ስለዚህ «ይሄ ቸርኬ ትንሽ ያጠራጥራል» ያልከውን ከኋላ ወደ ፊት አታመጣውም። ቸርኬ በብዛት የሚሰነጠቀው ከሁለት ቦታ ነው፤ ከብሎን ቀዳዳዎች ዙሪያና ከእጅ ማስገቢያ ቀዳዳዎች ጠርዝ። የእኔው ደግሞ ከብየዳው አጠገብ። የተሰነጠቀ ቸርኬ አይበየድም። ጎማው ላዩ ላይ እያለ መበየድማ ጭራሽ አይታሰብም። አየሩ ቢወጣም እንኳ ሙቀቱ ጎማውን ከውስጥ አጋግሎ ሊያፈነዳው ይችላል።

ከአውሮፓ አገልግሎ የመጣ ተሳቢ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። እነዚህ ብዙዎቹ ጥንድ ጎማ የላቸውም፤ 385/65 የሚባለው ሰፊ ነጠላ ጎማ ነው ያላቸው፣ ቸርኬው 11.75 በ22.5። ይህ ቸርኬ ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ የሆዱ ጥልቀት ግን ይለያያል። ብረቱ ላይ «ኢቲ» የሚሉ ሁለት ፊደሎችና ቁጥር ተመትቷል። ኢቲ 0 ከሆነ የሚጣበቀው ፊት ልክ የቸርኬው ወርድ መሃል ላይ ነው። ኢቲ 120 ከሆነ ከመሃሉ 120 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ነው። የታምቡር ፍሬን ያላቸው ተሳቢዎች ብዙ ጊዜ ኢቲ 0 ናቸው፤ የዲስክ ፍሬን ያላቸውና የጎታች የፊት አክስል ኢቲ 120።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የተሳቢውን ኢቲ 0 ከፊት አስገባው። ጎማው 12 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ወጣ። መሪው ጥምዝዝ ሲል ፓራፋንጎውን (የጭቃ መከላከያውን) በላ። ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት) ደግሞ ለዚያ የተሠራ አይደለም፤ ሸክሙ ከቦታው ሲሸሽ ኩሽኔታውን እንደ ጉጠት ይጠመዝዘዋል። ሁለት ጉዞ አልቆየለትም። በተቃራኒው ኢቲ 120 የሚባለውን የታምቡር አክስል ላይ ብትሞክሩት ወደ ውስጥ ስለሚገባ የሚነካውን ሁሉ ይነካል። ያ እንኳ ይሻላል፤ ቢያንስ እምቢ ይላል።

አይሱዙ ለምትነዱ ባጭሩ። የድሮዎቹ ኤን ፒ አርና ኤፍ ኤስ አር ከኋላ ድርብ ዳዶ ነው ያላቸው፤ የውስጠኛውን ጎማ የሚይዝ አንድ፣ በላዩ ላይ የውጭኛውን የሚይዝ ሌላ። የውስጠኛውን ለማጥበቅ መጀመሪያ የውጭኛውን ማላላት ነው። የውጭኛውን ብቻ አጥብቆ የሄደ ሰው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። የግራው በኩል ፊሌቶ (የብሎኑ ጥርስ) ደግሞ ግራ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ብሎኑ ጫፍ ላይ «ኤል» ወይም «አር» የሚል ፊደል አለ። ስንቱ ብሎን ነው ሹፌሩ እያጠበቀ እየፈታሁ ነው ብሎ የሰበረው።

አሁንም ባለ ቀለበት ቸርኬ (ጎማውን ተነቃይ የብረት ቀለበት የሚይዝበት) ይዛችሁ፣ 12.00 በ20 ከነካላማዳሪው (ከነውስጥ ላስቲኩ) የምትሠሩ አላችሁ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ዳዶውን ከማላላታችሁ በፊት የቫልቮላውን ልብ አውጥታችሁ አየሩን ጨርሱት። ጥንድ ከሆነ የሁለቱንም። ቸርኬው ተሰንጥቆ ከሆነ በዚያ ሰዓት የሚይዘው ዳዶው ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ስትፈታው ቀለበቱ እንደ መድፍ ይወጣል። የአንዱን ቀለበት ለሌላው ቸርኬ መስጠትም አያዋጣም። የሚነካከስበት ቦይ በዓይን አንድ ይመስላል፤ ግን አይደለም።

ባለ 20ውንና ባለ 22.5ቱን ጥንድ ማድረግም አይቻልም። ብሎኑ ይቀበላቸዋል። ግን 12.00 በ20 ቁመቱ ከ12 በ22.5 ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ረጅሙ ይሸከማል፣ አጭሩ አስፋልቱን እየፋቀ ይሄዳል።

ስለ ገዋኔ ልጨርስ። ብሎን ከአዋሽ ሰባት እስኪመጣ አርብ መሸ። የፊት ቸርኬም አብሮ መጣ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ጣቴን ከትቼ ያረጋገጥኩት። የተሳቢውን ጎማ ቀዳዳው ባልተበላሸ ጎድጓዳ ቸርኬ ላይ አስጭነን፣ በራሱ ድቡልቡል ዳዶ ወደ ቦታው መለስነው። ሽማግሌው ሥራቸውን ሲጨርሱ የሁለቱን ዳዶዎች በሁለት የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ለይተው ሰጡኝ። አንዱ ላይ በነጭ ቀለም «ፊት»፣ ሌላው ላይ «ተሳቢ» ብለው ጻፉ። ቆርቆሮዎቹ ዛሬም ከወንበሬ ሥር ናቸው። ስኮርታዬም አሁን ሁለት ነው፣ ለየአክስሉ።

አዲስ አበባ የገባነው እሑድ ከሰዓት ነው። ዶሮው ቀዝቅዞ ነበር። የተሰነጠቀውን ቸርኬና ቀዳዳው የተበላውን ሁለቱንም በኦክሲጅን አስቆረጥኳቸው፤ ማንም አንስቶ ቀብቶ እንዳይሸጣቸው። ከአንደኛው ግማሹ ግቢያችን ውስጥ አለ። ባለቤቴ ከሰል ታነድበታለች።